ያልተዘረጋው እጅ

ዶክተር ኢክባል «እጆችሽን ደረትሽ ላይ አጣምረሽ ከወንበሩ ተነሺ፤ በቃሽ እስክልሽ ድረስ ደጋግሚው» ስትላት ዩና ቢቶን ሳቀች። ዩና በግሌን ኮቭ ወደብ ካሉት የጀልባ ካፒቴኖች መካከል ብቸኛዋ ሴት ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በአባቷ ጀልባ ላይ ያደገች፣ ሎብስተር የሚባለውን ባለመቆንጠጫ የባሕር ፍጥረት በማጥመድ የምትተዳደር፣ ገና የአርባዎቹን ደጃፍ ያልረገጠች ሴት ናት። እንዲህ ያለችውን ሰው ከወንበር ተነሺ ማለት ቀልድ መሰላት።

አንዴ ተነሳች። በሁለተኛው ግን ጭኖቿ ተንቀጠቀጡና መሃል ላይ ከዷት፤ ተመልሳ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ሳቋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። ግድግዳ ተደግፎ የቆመው አንሴልም ሊያነሳት ሲንደረደር ዶክተሯ እጇን አንስታ ባለህበት ቁም አለችው።

አንሴልም ሺያሶን የዩና ጀልባ ቅጥር ሠራተኛ ነው። ወጥመድ ይጎትታል፣ የማጥመጃ ዓሣ ይቆርጣል፣ ከወደቡ ኋላ በተከራያት ተጎታች ቤት ውስጥ ይኖራል። የመጣው ፈረንሳይኛ ከሚነገርበት መንደር ነው፤ የሚያወርሰው ጀልባም ሆነ የማጥመድ ፈቃድ ያለው ዘመድ የለውም። በዚያ አገር ደግሞ ፈቃድ ከአባት ወደ ልጅ እንደ ርስት የሚተላለፍ ነገር ነው፤ የሌለው ሰው ዕድሜውን በሙሉ በሰው ጀልባ ላይ የሰው ገመድ ሲጎትት ይኖራል። አንሴልም ዩናን ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች። ይህን ወደቡ በሙሉ ያውቃል። የዩና አባት ሽማግሌው ራናልድ ብቻ ናቸው የማያውቁት፤ እሳቸውም ቢሆኑ የማያውቁ መስለው ነው።

ሕመሙ የጀመራት ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ አብጠው ቁልፍ መቆለፍ አቃታት፤ ቀጥሎ አንጓዋ፣ ቀጥሎ ጉልበቷ። ሩማቶይድ አርትራይትስ ነው ተባለች። የሰውነት መከላከያ ጠላት የጠፋበት ይመስል ዞሮ የገዛ መገጣጠሚያን የሚያስቆጣበት የቁርጥማት ዓይነት ነው። ወሬው በተሰማ ማግስት ጎረቤቱ ሁሉ ደጇን ሞላው። በግሌን ኮቭ የታመመን ሰው «ልርዳህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ዝም ተብሎ ሸክሙ ይነሳል። አንዱ ማገዶዋን ከመረላት፣ ሌላዋ የበሰለ ምግብ በድስት በሯ ላይ አስቀምጣ ሄደች፣ ሌሎቹም ማንም የነካቸው ሳይመስል ወጥመዶቿን ጠገኑላት። ከሁሉም የባሰው አንሴልም ነው። ቦት ጫማዋን ያወልቅላታል፣ የማሰሮ ክዳን ይከፍትላታል፣ ወደ ጀልባዋ የሚወርደውን የብረት መሰላል አቅፏት ይወርዳል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ዩና ያቺን የመሰላሉን ጊዜ ትወዳት ነበር። በሰው ፊት ሊያቅፋት የሚችለው ያኔ ብቻ ነበርና።

«የምሥራች አለኝ» አለች ዶክተሯ ወረቀቱን እያየች። «ደምሽ ውስጥ ያለው የብግነት ምልክት ወርዷል። መገጣጠሚያዎችሽም እብጠታቸው ሟሟ። መድኃኒቱ ሠርቷል።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ከወር ወር የምደክመው?»

ዶክተሯ መልስ ከመስጠቷ በፊት ኮምፒዩተሩን ወደነሱ አዞረችው። ጠዋት በአልትራሳውንድ የተነሳው የጭኗ ምስል ነው። ጤነኛ ጡንቻ እዚህ ላይ ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው አለችና፣ የዩና ግን ነጣ ነጣ ማለቱን በጣቷ ጠቆመችላት። ዩና ክብደቷ ቅንጣት እንዳልቀነሰ ተከራከረች።

«እሱ ነው ሁላችንንም የሸወደን። ጡንቻው ሲወጣ በቦታው ስብ ስለገባ ሚዛኑ ልዩነቱን አያውቀውም። ብግነቱ በበረታበት ጊዜ መገጣጠሚያሽን ብቻ አይደለም ያጠቃው፣ ጡንቻሽንም በልቶታል። የተረፈውን ደግሞ መቀመጥ በላው። እሱን መድኃኒት ብቻውን አይመልሰውም። ቀስ በቀስ፣ በባለሙያ እየታገዝሽ፣ ክብደት ማንሳት አለብሽ። ደህና አድርገሽም መብላት።» ከዚያ ወደ ሁለቱም ዞረች። «ቤት ውስጥ ከባድ ነገር የሚያነሳው ማን ነው?»

«እኔ» አለ አንሴልም በኩራት።

«ደረጃ ስትወጣስ?»

«እኔ እይዛታለሁ።»

«ድስት?»

«እኔ» አለ አሁንም፤ ይህኛው ግን ከጉሮሮው እንኳ በቅጡ አልወጣም። ሰውየው ጅል አልነበረምና ገብቶታል። ዶክተሯ ክፉ አላሰብክም፣ ያበጠች ሰሞን እረፍት አስፈልጓት ነበር፣ ጥፋቱ እብጠቱ ከጠፋ በኋላም አለማቆሙ ነው ብላ ልታጽናናው ሞከረች። አንሴልም ግን እጆቹን አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ እያደረገ የሚያኖርበት አጣ።

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱ በበረዶ ነጥቷል። ዩና በመስኮት እያየች ስታስብ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዓለም ላይ ደስ ይላት የነበረው እቅፍ ጉልበቷን ሲበላባት ከርሟል። ማመን አቃታት፣ አለማመንም አቃታት።

ሽማግሌው ራናልድ ወሬውን በጽሞና ሰሙ። ሻያቸውን ጨርሰው ኩባያውን ገፋ አደረጉት። ከዚያ፣ ልጃቸውን ሳያዩ፣ የጀልባው ሕግ ምን እንደሚል ጠየቋት፤ የማታውቀው ይመስል። ሕጉን በወደቡ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ በፈቃዱ ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው ከጀልባዋ ላይ ከሌለ ጀልባዋ አትወጣም። አንድ ወቅት ያልወጣ ካፒቴን ደግሞ ፈቃዱን ለሌላ አሳልፎ ስጥ የሚል ጉትጎታ ይበዛበታል። ግንቦት ላይ፣ ወጥመድ በሚጣልበት የመጀመሪያ ቀን፣ ዩና ያንን መሰላል መውረድ ካልቻለች አራት ትውልድ የወረደበት ጀልባ ከቤታቸው መውጣቱ ነው።

«አንቺ ስትደክሚ ማነው የሚጠቀመው?» አሏት። «አንድ ቀን መቆም ያቅትሻል። ያገባሻል። ከዚያ መሪው በማን እጅ ይገባል? እኔ ሰው አላማም፤ አንቺው ራስሽ አስቢው።»

«አባዬ፣ አንሴልም እንዲህ አያስብም።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ወደቡ የሚለውን አልሰማሽም።»

ዩና ተቆጥታ ተነሳች፤ ማለት ለመነሳት ሞከረች፣ ጠረጴዛውን ይዛ ነው የተሳካላት። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተደግፋ እያለች ነው መርዙ የገባት። ለካ መርዝ ደካማ ጉልበት ሲያገኝ ቶሎ ይሠራል።

በማግስቱ አንሴልም እንደ ልማዱ ሁለት ክንድ ሙሉ እንጨት ታቅፎ በኩሽናው በር ገባ። ልማድ ሆኖበት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ላያነሳ ሲምል ነበር ያደረው። ዩና አየችው፣ እንጨቱን አየች፣ አባቷ የተናገሩት ቃል ከአፏ ወጣ።

«እስክወድቅ ነበር የምትጠብቀው?»

አንሴልም አልገባውም።

«ጀልባዋን ፈልገህ ነው ወይ?»

ያን ጊዜ ገባው። ፊቱ ላይ ደም የሚባል ነገር አልቀረም። እንጨቱን ወደ ማገዶ ሳጥኑ አልወሰደውም፤ አጎንብሶ እግሯ ሥር በቀስታ አስቀመጠው። «ካፒቴን፣ እውነት እንዲህ አሰብሽ?» ብሎ ጠየቃት። በቀልድ ነበር ሁልጊዜ ካፒቴን የሚላት፤ የዛሬው ውስጥ ግን ቀልድ አልነበረበትም። ዩና አላሰብኩም ልትል ነበር። ምላሷ ግን አልታዘዝ አላት፤ ዝምታዋም መልስ ሆነ። በሩን እንኳ ሳያላትም ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ። ቢጣላት፣ ቢሰድባት፣ በሩን ቢያላትመው ይሻላት ነበር።

ሥራውን ግን አልተወም። በየጠዋቱ እየመጣ መጋዘን ውስጥ ወጥመድ ይጠግናል፣ ገመድ ይቀጥላል፤ ሰላምታው ደረቅ፣ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። አንዲት ነገር አላነሳላትም። በሩ ከብዷት ስትታገል እያየ ያልፋል። ዩና ደግሞ በእልህ ተያዘች። ሆስፒታሉ የመደበላት የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያ ያስተማራትን ሁሉ ትሠራለች፤ ላስቲክ ትስባለች፣ ከወንበር ትነሳለች ትቀመጣለች፣ ድንች በከረጢት እያደረገች ታነሳለች። ጣቶቿ ሲቆጡ ጋብ ታደርገዋለች፣ ሲበርድላቸው ትቀጥላለች። እንቁላልና ዓሣ እስኪሰለቻት በላች። ጎረቤቶቿ ሳይጠይቁ ሊያነሱላት ሲመጡ ከደጅ መለሰቻቸው፤ ተቀየሟት፤ ሕመሙ ጠባይዋን አበላሸው ተባለ። ያበጠ ይፈንዳ ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

አንድ ቀን ድንች የቀቀለችበትን ድስት ከምድጃው አንስታ ስትዞር አንጓዋ ከዳት። ድስቱ ወደቀ፣ እሷም በፈሰሰው ላይ አዳልጧት ወለሉ ላይ ተዘረጋች። ውሃው ቀዝቅዞ ስለነበር አልተቃጠለችም። ቀና ስትል አንሴልም በሩ ላይ ቆሟል፤ እጆቹ ሁለቱም ኪሱ ውስጥ ናቸው። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ይመጣል ብላ ጠበቀች። አልመጣም። እንደ ድንጋይ ቆሞ ያያታል። ዩና እንዲህ ያለ ድንጋጤ በሕይወቷ አይታ አታውቅም፤ ከዚህ ይልቅ ማዕበል ውስጥ ሞተር የጠፋባት ቀን ይሻል ነበር። በጉልበቷ ዞረች፣ የጠረጴዛውን እግር ያዘች፣ አቃስታ፣ ተንቀጥቅጣ፣ ቆመች። ቆማ ስታበቃ እሱ ፊቱን አዙሮ ወጣ።

ያን ቀን ያለቀሰችው ለወደቀችበት ወገቧ አይደለም። አባቴ ልክ ነበር ብላ ነው ያለቀሰችው። ሞኝ ናት እንዳንላት እንጂ፣ ከወለል ላይ ብቻዋን እንደተነሳች አላስተዋለችውም። ከጥቂት ወራት በፊት ቢሆን ኖሮ እዚያው ነበር የምትቀረው።

ግንቦት መጣ። ወጥመድ በሚጣልበት የመጀመሪያ ቀን የግሌን ኮቭ ሰው ጎህ ሳይቀድ ነው ወደ ወደቡ ግንብ የሚወርደው። ቄሱ ጀልባዎቹን ይባርካሉ፣ ሴቶቹ የአጃ ቂጣና ትኩስ ሻይ ያድላሉ፣ ሽማግሎች ስለ ነፋሱ ይከራከራሉ። የዘንድሮው ቀን ደግሞ ባሕሩ እጅግ ሸሽቶ ነው የዋለው። ባሕሩ ሲሸሽ ጀልባዎቹ ከወደቡ ግንብ ሥር ወርደው ይቆማሉ፣ መሰላሉም ይረዝማል። ዩና ከላይ ሆና ስታይ የጀልባዋ ወለል ጉድጓድ ውስጥ ያለ መሰላት። አንሴልም ቀድሞ ወርዶ ወጥመዶቹን ደርድሮ ቆሟል። ቀና ብሎ አላያትም።

የመሰላሉን ጫፍ ስትይዝ ከየአቅጣጫው እጅ ተዘረጋ። አንዱ ብብቷን፣ አንዷ ክርኗን ያዘች፤ ከታች አጠገቧ ባለው ጀልባ ላይ የነበረ ጎረምሳ ጎረቤትም ሊሸከማት ዘሎ መጣ። የቆየ ልማዳቸው ነውና ማንም አልጠየቃትም።

«ማንም እንዳይነካት።»

የአንሴልም ድምፅ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር በዚያ ወደብ የሰማው ሰው የለም። የተዘረጉት እጆች ሁሉ በድንጋጤ ተሰበሰቡ። ከኋላ አንዲት ሴት «ልብ የሚባል አልፈጠረበትም» አለች፤ ሌላው ቅጥር መሆኑን ዘንግቶታል ወይ ብሎ አጉረመረመ። ዩና በሰው ሁሉ ፊት ተዋርዳ ፊቷ ነደደ። አሁን በቃ፤ በሕዝብ ፊት ልትወድቅለት ነው፣ እሱም ያንን ሊያይ ነው የመጣው።

ያኔ ሽማግሌው ራናልድ በሰው መሃል ሰንጥቀው መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀዋል።

«ልጄ፣ ሳትወርጂ አንድ ነገር ስሚ» አሉ። «ፈቃዱ እንዳያመልጠን ፈርቼ በጾሙ ሰሞን ተጎታች ቤቱ ድረስ ሄጄ አንሴልምን ለመንኩት። እሷ ቤት ትቀመጥ፣ መሪውን አንተ ያዝ፣ እኔ ባለሥልጣኖቹን አስፈቅዳለሁ አልኩት። ጀልባዋን ፈልጎ ከሆነ ያን ቀን በእጁ ነበረች። ምን አለኝ መሰለሽ? እሷ ካልወረደች እኔም አልወጣም አለኝ። ሻይ እንኳ ሳያፈላልኝ አሰናበተኝ።»

ዩና መሰላሉን እንደያዘች ወደ አባቷ ዞረች። «ለምን አልነገርከኝም?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አገላበጡት። «ከእኔ በላይ የሚወድሽ ያለ አይመስለኝም ነበር። አፈርኩ።»

ዩናን ከመመለስ ይልቅ መውረዱ ቀለላት። ዞራ የመጀመሪያውን ዘንግ ረገጠች። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ጣቶቿ ጮኹ፣ እሷ ግን የጣትን ጩኸት ከጡንቻ ድካም መለየት ክረምቱን ሙሉ ስትማር ከርማለች። ጭኖቿ መንደድ ጀመሩ። ይህኛውን መንደድ ታውቀዋለች፤ የሥራ ነው። አንድ ወረደች፣ ሌላ ወረደች። መሃል ላይ ጫማዋ አዳለጣት፤ ከላይ ያለው ሰው ሁሉ ኡ አለ። ቁልቁል ስታይ አንሴልም በትክክል ከሥሯ ቆሟል። እጆቹ ወደ ላይ ተዘርግተው ነበር፤ ሳይነኳት ቆሙ፣ ተመለሱ፣ ደረቱ ላይ ተቆላለፉ፣ እንደ ብርድ የያዘው ሰው ይንቀጠቀጣሉ። ፊቱ በእንባ ርሷል። ዩና በዚያች ቅጽበት ክረምቱ ሁሉ ተገለጠላት። ያ እንደ ድንጋይ የቆመው ሰው አንድም ቀን ድንጋይ አልነበረም።

እግሯ ዘንጉን አገኘው። ወረደች። ጀልባዋ ላይ ቆመች።

ከላይ ማን እንዳጨበጨበ፣ ቄሱ ምን እንዳሉ አልሰማችም። ሞተሩን አስነሳች፣ መሪውን ያዘች፣ ከሌሎቹ ጀልባዎች ጋር ወጣች። ወደቡ ከኋላቸው እያነሰ ሄደ። አያቷ ወጥመድ ይጥሉበት የነበረው ቦታ ሲደርሱ ሞተሩን አዘገየችውና ወደሱ መጣች።

«ድስቱ የወደቀ ቀን» አለችው። «እንዴት ዝም ብለህ አየኸኝ?»

«እጄን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ጭኔን ቆንጥጬ ይዤ ነበር፤ በልዞ ከረመ። ከወጣሁ በኋላ ከመጋዘኑ ጀርባ አስመለሰኝ።»

«ልትነግረኝ አትችልም ነበር?»

«ምን ብዬ? ስለምወድሽ ነው እጄን የሰበሰብኩት ብልሽ ታምኚኝ ነበር? ጀልባሽን የፈለገ ሰውም እኮ ይህንኑ ነው የሚለው።»

እንደማታምነው ታውቃለች። ያቺን ክፉ ቃል ከአፏ ባታወጣት ኖሮ እንዴት ደስ ባላት፤ ይቅርታ ብላ ጀመረች። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«እውነትሽን እኮ ነው። አስቤ ባላደርገውም ያደከምኩሽ እኔ ነኝ። ከሐኪሟ ከወጣን ጀምሮ እነዚህን እጆች ባየሁ ቁጥር እደነግጣለሁ። ሳላውቀው የምወደውን ሰው በገዛ እቅፌ ስገድል ከርሜአለሁ። አሁን ልነካሽ እፈራለሁ፣ ዩና።»

ስሟን ከጠራት ስንት ጊዜው። እጆቿን ዘረጋችለት።

«ና።»

«መሰላሉ አድክሞሻል። ትወድቂያለሽ።»

«ከወደቅኩ እነሳለሁ። ና አልኩህ።»

መጣ። መጀመሪያ ግንባሩን ብቻ ትከሻዋ ላይ አሳረፈ፣ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው በጥንቃቄ። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ የቋጠረው ሁሉ ተፈታና ጉልበቱ ከዳው። ያ ግዙፍ ሰው፣ ወጥመድ በአንድ እጁ የሚያነሳው፣ ሙሉ ክብደቱን ጥሎባት እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ጀልባዋ በማዕበሉ ዘመም አለች። ዩና እግሮቿን ከፈት አድርጋ ተከለች። ጭኖቿ ነደዱ፣ ተንቀጠቀጡ፣ አሁን ይከዱኛል ብላ ጠበቀች። ጀልባዋ በሌላው ጎኗ ዘመመች። አሁንም ጠበቀች። አልከዷትም። ከማንም ይልቅ የተገረመችው እሷው ናት።

«ይዤሃለሁ» አለችው። ደግሞም ይዛው ነበር።